ሳሎን ጥግ የቆመችው መርፌ ወርዋሪ

ስሙኝማ! አንድ ነገር ገብቶኝ ለእናንተ ሳልነግር መቀመጥ አልቻልኩም። ነገሩ ስለ አንዲት የቤት አበባ ነው። ታውቋታላችሁ፤ ግንዷ ወፈር ብሎ አንጓ ያለው፣ ቅጠሏ ሰፊ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ወደ ክሬም የሚያደላ ዝንጉርጉር። ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቁ አጠገባችሁ ቆማለች። ፀጉር ቤት ከመስታወቱ ጎን አለች። ክሊኒክ ኮሪደር ላይ አለች። የብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ጥግ ይዛለች። ዲፈንባኪያ ትባላለች። ስሙ ከከበዳችሁ ግድ የለም፣ «እሷ» እያልን እንቀጥላለን።

«እሷማ መርዛም ናት» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። በስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር መልእክትም አለ፦ ልጅን በአንድ ደቂቃ፣ አዋቂን በ15 ደቂቃ ትገድላለች የሚል። ይህ መልእክት በተለያየ ቋንቋ እየተገለበጠ ለዓመታት ዓለምን ዞሯል። ውሸት ነው። ግን «ውሸት ከሆነማ ምንም አታደርግም» ብሎ ቅጠሏን የሚያኝክ ሰው ካለ ጉዱን ያያል! እና እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ ቆይ፣ እንዴት አድርጋ ነው የምትጎዳው? መርዙ ምን ይሠራል? ከየት ይገባል? መልሱን ሳገኘው ከወንበሬ ተነሣሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም።

በመጀመሪያ መርዝ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣውን እንይ። ጉሎን ውሰዱ። በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ጉሎ ፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል መርዝ አለው። ፍሬው ታኝኮ ሲዋጥ መርዙ ወደ ሰውነት ህዋሳት ይገባና ህዋሳቱ ፕሮቲን የሚሠሩበትን ሥራ ያስቆማል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ሰዓታት ያልፋሉ። የበላው ሰው መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። በድብቅ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ማለት ይህ ነው።

እሷ ግን ጊዜ አትሰጥም። ቅጠሏ ወይም ግንዷ ሲታኘክ ወዲያው፣ ገና አፍ ውስጥ እንዳለ ያቃጥላል። ይኼ ነው መጀመሪያ ያስደነቀኝ። ሆድ ሳይደርስ፣ ደም ውስጥ ሳይገባ፣ ምላስ ላይ እንዳለ ሥራውን የሚጀምር ምን ዓይነት መርዝ ነው?

የሚወጋ መርዝ ነው! በትክክል፣ ቃል በቃል፣ ይወጋል። ቀስ ብለን ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

በእጽዋቷ ቅጠልና ግንድ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ባዕድ አይደለም። ካልሲየም ያው አጥንታችን ውስጥ፣ ወተት ውስጥ ያለው ነው። ኦክሳሌት ደግሞ ከገበያ ገዝተን የምንቀቅለው ቆስጣ ውስጥ በብዛት አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃ የማያሟሟው ጠጣር ነገር ይሆናሉ። የኩላሊት ጠጠር ያሠቃየው ዘመድ ካላችሁ፣ ያ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከዚሁ ከካልሲየም ኦክሳሌት ነው።

እዚህ ላይ አስቁሙኝና ጠይቁኝ፦ «ታዲያ ቆስጣ ስንበላ ለምን አፋችንን አያቃጥለንም?» ግሩም ጥያቄ! ቆስጣ ውስጥ ያለው ጠጣር የደቀቀ ፍርፋሪ ነው። እሷ ውስጥ ግን ያው ነገር ቀጭን መርፌ ሆኖ ያድጋል፣ ያውም ሁለቱም ጫፉ የሾለ። ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፤ በባዶ ዓይን አይታይም። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ የተለየው ቅርጹ ነው። ያኛውን በጤፍ እንጀራ ጠቅልለን እንጎርሰዋለን፣ ይኸኛው ሰው ያስጮሃል። አይገርምም?

እጽዋት ውስጥ እንዲህ ያሉ ክሪስታሎች እንዳሉ ከመጀመሪያዎቹ ካዩት ሰዎች አንዱ አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ የኖረ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው አልነበረም፤ ሌንሶቹን በገዛ እጁ እየሠራ ያገኘውን ሁሉ ከሥራቸው ያስቀምጥ ነበር። ይኼን ስሰማ እኔም ልቤ ሞቀ፤ ለካ ነገሩን የጀመረው የእኛው ዓይነት ጉጉ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ድንቅ ደረስን። መርፌዎቹ እንዲሁ በቅጠሉ ውስጥ ተበትነው አይደለም ያሉት። ተነሡና ከኩሽና አንድ የክብሪት ቀፎ አምጡ። ቀፎው ሞላላ ነው፤ እንጨቶቹ ጎን ለጎን፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። አሁን በሐሳባችሁ ሦስት ነገር ቀይሩ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን እንጨት ሁለቱንም ጫፍ አሹሉት። ሁለተኛ፣ የቀፎውን ጎኖች ጠንካራ አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጫፎቹን ብቻ በስስ ወረቀት ዝጉት። ሦስተኛ፣ በእንጨቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር ሙሉበት። ጨረሳችሁ? እንግዲህ ከእሷ ህዋሳት አንዱን ሠራችሁ ማለት ነው!

አሁን ቀፎው ውስጥ ውሃ ይግባ። ዝልግልጉ ማበጥ ይጀምራል። ጎኖቹ ጠንካራ ስለሆኑ አይለጠጡለትም። ታዲያ ወዴት ይሂድ? ወደ ጫፎቹ ነዋ። ስሱ ወረቀት ግፊቱን አይችልም፤ ይቀደዳል። በዚያች ቀዳዳ እንጨቶቹ ሹል ጫፋቸውን አስቀድመው፣ እየተከታተሉ ወደ ውጭ ይወረወራሉ። አቤት! ጡንቻ የለው፣ ነርቭ የለው፣ ባሩድ የለው፤ ውሃና እብጠት ብቻ። ደግሞ አንዱ ቀፎ በመቶ የሚቆጠሩ መርፌዎች ይይዛል፤ አንዲት ቁራሽ ቅጠል ውስጥ ደግሞ ስንት ቀፎ እንዳለ አስቡት።

ቆይ፣ ገና አላበቃም። ውሃውን የሚያመጣው ማን ነው? ነካሹ ነው! ቅጠሉ ሲታኘክ ህዋሳቱ ይላቀቃሉ፣ የቅጠሉ ጭማቂና የነካሹ ምራቅ ይደርሳቸዋል፣ ተኩሱ ይጀመራል። ማለትም መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ ተጎርሶ ይቀመጣል፤ ቃታውን የሚስበው ግን ሊበላት የመጣው ራሱ ነው። ይኼ ሲገባኝ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት።

ነገሩን በወሬ ብቻ ልተወው አልቻልኩም። ባዮሎጂ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ፤ ትምህርት ቤታቸው ያለውን ማይክሮስኮፕ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። እሱ ጓንት አጠለቀና ከግንዷ በምላጭ ስስ ሽፋን ላጠ። በመስታወቷ ቁራጭ ላይ አስቀመጣት፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ አንዲት ጠብታ ውሃ ጨመረባት፣ ከዚያ «ና እይ» አለኝ። መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ብዥታ ብቻ ነበር። ቁልፉን ቀስ እያለ ሲያዞረው ብዥታው ጠራ፤ ጠርዟ የጠራ፣ ሞላላ፣ ውስጧ በቀጫጭን መስመሮች የታጨቀ አንዲት ህዋስ ከሌሎቹ ተለይታ ተንሳፍፋ አየሁ። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ጫፏ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች። ወጣች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሌላ። መርፌ በወጣ ቁጥር ህዋሷ ወደ ኋላ ነቅነቅ ትላለች! እኔ «ወይኔ ጉድ!» ስል ወዳጄ ጎተት አድርጎኝ እሱም አየ፤ ለስንት ዓመት ያስተማረው ሰው እንደ እኔው አፉን ይዞ ቀረ። በነገራችን ላይ ፈረንሳዊው የእጽዋት ተመራማሪ ቱርፐን በሁለቱም ጫፋቸው የሚከፈቱትን እነዚህን ህዋሳት እ.ኤ.አ. በ1836 ገልጿቸዋል። ያኔ እሱም ምን እንዳለ ባውቅ እንዴት በወደድኩ!

እስከዚህ ከገባችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል። አንድ ነገር ግን ገና አልተፈታም። መርፌዎቹ እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ደቃቅ ነገር ሲወጋን ለጊዜው ይጠዘጥዘናል፣ ከዚያ ይተወናል። እሷን ያኘከ ሰው ግን ምላሱና ከንፈሩ ያብጣል፣ ሕመሙም ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ብቻውን መውጋት ይህን ሁሉ ያመጣል?

አያመጣም። መርፌው ጓደኛ አለው። በእጽዋቷ ጭማቂ ውስጥ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። የሰው ሥጋ፣ ምላስም ከንፈርም፣ ዋናው ግንባታው ፕሮቲን ነው። ነገር ግን ኢንዛይሙ ብቻውን ቢመጣ የአፋችንን ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ መዝለቅ ይቸግረዋል። መርፌው ብቻውን ቢመጣ ቀዳዳ ይከፍታል እንጂ ብዙ አያበላሽም። ሁለቱ አብረው ሲመጡስ? መርፌው በር ይከፍታል፣ ኢንዛይሙ ይገባል። በዚህ እጽዋት ቤተሰብ ውስጥ መርፌያቸው ጎንና ጎኑ ላይ ቦይ ያለውም፣ እሾህ መሳይ ጥርስ ያለውም አለ፤ ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

«ይኼ ግምት ነው ወይስ የተፈተነ ነገር?» ለምትሉኝ፣ የምወደውን ሙከራ ልንገራችሁ። በጃፓን ኮታሮ ኮኖና ባልደረቦቹ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ነው። ዲፈንባኪያን ሳይሆን ከኪዊ ፍሬ ያወጡትን ተመሳሳይ መርፌ ነው የተጠቀሙት። ተበሊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኛው ጉሎ! የጉሎ ቅጠል የሚበላ አንድ የሐር ትል ዓይነት አለ፤ ቅጠሉን እየቀቡ ለትሎቹ አቀረቡላቸው።

አንዱ ቅጠል መርፌ ብቻ ተቀባ፤ ትሎቹን ብዙም አልጎዳቸውም። ሌላው ፕሮቲን ቆራጩን ኢንዛይም ብቻ ተቀባ፤ እሱም ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም ተቀባ። ያኔ ትሎቹ ክፉኛ ተጎዱ! መርፌው ሲጨመር የኢንዛይሙ ጉልበት ከ16 እስከ 32 እጥፍ አደገ። ልብ በሉ፣ ሁለትና ሦስት እጥፍ አላልኩም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አራተኛው ነው። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ ባልሆነ ቅርጹ፣ እንዲሁ ዱቄት ሆኖ፣ ከኢንዛይሙ ጋር ቀቡት። ምን ሆነ? የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ንጥረ ነገሩ አለ፣ ኢንዛይሙ አለ፣ ሹልነቱ ግን የለም፤ ስለዚህ ጉልበቱም የለም። ቆስጣ ለምን እንደማያቃጥለን አሁን በትክክል ታያችሁ? እዚህ ስደርስ በራሴ ውስጥ «ቀጭ!» የሚል ነገር ሰማሁ ብላችሁ አትመኑኝም።

እንዲያውም ይህን ጥምረት በትንሹ ሳትቀምሱት አልቀራችሁም። አናናስ በብዛት ስትበሉ ምላሳችሁን ለብለብ፣ ቆጥቆጥ ያደርገዋል አይደል? አናናስ ውስጥም ጥቃቅን መርፌ አለ፣ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይምም አለ። የእሷ የዚህ የከፋው ዓይነት ነው።

አሁን ጨዋታው ተጀመረ፤ ምክንያቱም ዘዴው ከገባችሁ የቀረውን ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። እስቲ አብረን እንሞክር።

ቅጠሏን በእጅ መንካት ያቃጥላል? ቅጠሉ ካልተሰበረ ህዋሳቱ አይላቀቁም፣ የእጃችን ቆዳም ከምላስ ይልቅ ወፍራም ነው። ስለዚህ አቧራዋን ብትጠርጉላት ምንም አይላችሁም። ስትቆርጧት የሚወጣው ጭማቂ ግን ቆዳን ሊያሳክክና ሊያቀላ ይችላል።

ልጅ ብዙ ሊውጥ ይችላል? ይከብደዋል፤ መቃጠሉ ወዲያው ስለሚጀምር ይተፋዋል፣ ይጮሃል። ፍጥነቷ ራሱ ጠባቂ ነው! ጉሎ የሚያስፈራው ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ነው፤ እሷ ግን ገና በደጅ ትጮሃለች። በዚያ ላይ ክሪስታሉ በቀላሉ ስለማይሟሟ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው። አብዛኛው ሰው የአፍ መቃጠል፣ እብጠት፣ የለሃጭ መዝረክረክ፣ የድምፅ መጎርነን ይደርስበትና ይድናል። ሞት የሚባለው እጅግ ብርቅ ነው። የስልኩ መልእክት ውሸት የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ አደጋው የት ላይ ነው? ይህንንም ዘዴው ይነግረናል፤ መርፌው የደረሰበት ቦታ ያብጣል። ከንፈር ቢያብጥ ያማል እንጂ አይገድልም። እብጠቱ ወደ ጉሮሮ ከወረደ ግን የአየር መንገድ ያጠባል፤ የሕፃን ጉሮሮ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው። መተንፈስ የከበደው፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ወይም ድምፁ የተለወጠ ልጅ ካለ ቤት ውስጥ ምንም አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌላው ዓይን ነው። ግንዷን ስትቆርጡ ጭማቂው ፈንጥቆ ዓይን ውስጥ ቢገባ መርፌዎቹ የዓይንን ብሌን ሽፋን ይወጋሉ። ክፉኛ ያማል። አለማሸት! ማሸት መርፌውን የበለጠ ያስገባዋል። በንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያፈሰሱ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አፍ ላይ ሲሆንስ? የቀረውን ቅጠል ከአፍ ማውጣት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በውሃ ማጉመጥመጥ፤ ከዚያ መዋጥ ከቻለ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ቀዝቃዛ ውሃ መስጠት። ቅዝቃዜው ሕመሙንና እብጠቱን ያስታግሳል። ብዙ ሰው «መርዝ ነው፣ ያስመልሰው» ብሎ ጣቱን ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ይከታል። ዘዴውን የምታውቁት እናንተ ግን ወዲያው ይገባችኋል፤ መርፌ የያዘን ነገር በዚያው በተጎዳ ጉሮሮ መልሶ ማሳለፍ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ማስመለስ የለም። ውሻና ድመት ያላችሁም እወቁ፤ ቅጠሏን ከነከሱ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ አፋቸውን በእግራቸው ይፈትጋሉ፣ ምግብ እምቢ ይላሉ፣ ሊያስመልሳቸውም ይችላል። ያኔ የእንስሳት ሐኪም ጋ መውሰድ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቃችሁን ልንገራችሁ። የእሷን ዘመድ እንበላለን! ጎደሬን ታውቃላችሁ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስንቱን ቤተሰብ የሚያጠግብ ሥር ነው። ጎደሬና ዲፈንባኪያ የአንድ እጽዋት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጎደሬን ጥሬውን የላጠች እናት እጇን እንደሚያሳክካት፣ በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ የጎረሰ ሰውም አፉንና ጉሮሮውን እንደሚበላው ትነግራችኋለች። ምክንያቱ ያው መርፌ ነው።

ታዲያ ሲበስል ለምን ይተወናል? እኔ መጀመሪያ «መርፌው ይሟሟል» የሚል መልስ ነበር የጠበቅኩት። ግን አስቡት፤ ካልሲየም ኦክሳሌት በውሃ አይሟሟም ብለናል። ጎደሬው በደንብ ከተቀቀለም በኋላ መርፌዎቹ አሉ! የጠፋው ጓደኛቸው ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። የጎደሬን መርፌ ያጠኑ ሰዎች የሚያሳክከው ፕሮቲን በመርፌው ላይ እንደሚገኝ፣ መርፌው ሲታጠብ ደግሞ ማሳከኩ እንደሚቀር አሳይተዋል። በሩን የሚከፍተው አለ፣ ገቢው ግን ሞቷል። ኢንዛይም የሚባል ነገር ሳይሰሙ ለስንት ትውልድ «በደንብ ይብሰል» ያሉትን እናቶች አደንቃለሁ። (ይኼን ሰምቶ ዲፈንባኪያን ሊቀቅል የሚነሣ ሰው በመሃላችን እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ! ጎደሬ ለምግብነት ተመርጦ የተለመደ ሥር ነው፤ እሷ ለምግብ አትሆንም።)

ሌሎች ዘመዶቿም ቤታችን አሉ። ቅጠሉ የተበሳሳው ሞንስቴራ፣ ከመደርደሪያ ወደ ታች የሚሳበው ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮን፣ ነጭ አበባ የምታወጣው ፒስ ሊሊ፣ ቀይ አንጸባራቂ አበባው የማይረሳው አንቱሪየም፤ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁሉም መርፌ አላቸው። እሷ ግን ከቤት አበቦቹ መካከል በክፋቷ ስሟ በብዛት ይነሣል።

ለምን እንዲህ ታጥቃ ተፈጠረች? አገሯ የአሜሪካ ሞቃታማ ደን ነው፤ ከሜክሲኮና ከካሪቢያን ደሴቶች ጀምሮ እስከ አርጀንቲና ድረስ ትበቅላለች። እዚያ የምትኖረው ከረጃጅም ዛፎች ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃን ትንሽ ነው፤ ብርሃን ትንሽ ከሆነ ምግብ መሥራትም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቅጠል የጠፋባት እጽዋት ሌላ ለመተካት ብዙ ጊዜ ያስፈልጋታል። ያላትን መጠበቅ አለባት። አሁን አንድ ነገር አገናኙልኝ፦ ኮሪደራችን ላይ፣ መስኮት በሌለበት ጥግ፣ ሌላው አበባ ሁሉ ሲጠወልግ እሷ ለምን ትበረታለች? ጥላ የለመደች ስለሆነች ነዋ! ለሳሎናችን ያስመረጣት ጨለማ የመቻል ችሎታና ቅጠሏን የምትጠብቅበት መርፌ ሁለቱም ከዚያው ደን ሥር የመጡ ናቸው።

ወደ አውሮፓ ከተሻገረች በኋላ ሳይንሳዊ ስሟን ያወጣላት ሃይንሪክ ሾት የሚባል ኦስትሪያዊ የእጽዋት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 በቪየና የሾንብሩን ቤተ መንግሥት አትክልት ሥፍራ ዋና አትክልተኛ በነበረው በዮሴፍ ዲፈንባክ ስም ሰየማት። ከዚያ በፊት ግን የሚያሳዝን ታሪክ አላት። በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት ዘመን፣ የሸንኮራ እርሻ ጌቶች ባሪያ ያደረጓቸውን ሰዎች ለመቅጣት ግንዷን አፋቸው ላይ ያሹ እንደነበር የድሮ ጽሑፎች ይናገራሉ። ምላስ ሲያብጥ መናገር ያቅታል፤ ሰው ይህን አይቶ መሣሪያ አደረገው። እጽዋቷ ቅጠሏን ለመጠበቅ ያበጀችውን ሰው ሌላውን ሰው ዝም ለማሰኘት ተጠቀመበት።

እና ምን እናድርጋት፣ እንጣላት? እኔ አልጣልኳትም። የሚድህ ሕፃን ወይም ቅጠል የሚነክስ ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ግን መሬት ላይ አትቀመጥ፤ ወይ ከፍ ያለና የማይገለበጥ ቦታ ላይ ትውጣ፣ ወይ ልጁ እስኪያድግ ለጎረቤት ትሰጥ። ስትከረክሟት ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ምላጩን ወይም ቢላውን በሳሙና እጠቡ፣ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላ ከቶ አይሁን። የተቆረጠውን ቅጠል ልጆች ከሚጫወቱበት አርቃችሁ ጣሉት። ቤት ውስጥ ለሚያግዟችሁም፣ ልጅ ለሚጠብቁላችሁም ንገሯቸው፤ «መርዝ ናት» ብቻ ብላችሁ ግን አትለፉ። እንዴት እንደምትወጋ ከነገራችኋቸው ሲደነግጡም የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ አያስመልሱም፣ ዓይን አያሹም፣ ጉሮሮን ያያሉ።

ከአሁን ወዲያ ማንም ስለ ምንም ነገር «መርዛም ነው» ቢላችሁ፣ «እንዴት አድርጎ?» በሉት። በዚህች ጥያቄ ብቻ የውሸቱን መልእክት ከእውነተኛው አደጋ ለየን፣ የጎደሬን ድስት ፈታን፣ ልጅ ሲነክሳት ምን ማድረግ እንዳለብንም አወቅን። እኔ ቀጥሎ ዓይኔን የጣልኩት ሳማ ላይ ነው። እሱም መርፌ አለው፤ የእሱ ግን ውስጡ ክፍት ነው፣ ጫፉም ብርጭቆ ከሚሠራበት ከሲሊካ ነው፤ ሲነኩት ጫፉ ይሰበርና የያዘውን ቆዳችን ውስጥ ያፈሳል። ማይክሮስኮፑን ዳግመኛ ለምኛለሁ፣ ተፈቅዶልኛል። ጓንት ያለው ይምጣ!